ማጉያና ማዳመጫ፦ ከአጠናን ዘዴ የሚዘለለው ጥንድ

መግቢያ

በማዳመጥ ላይ የተመሠረተ ጥናት የሚያካሂድ ተመራማሪ በአጠናን ዘዴው ሥር የተሳታፊዎቹን ቁጥር፣ ዕድሜና የአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ቀረጻው የተካሄደበትን ክፍል፣ የማይክሮፎኑንም ዓይነት ይዘረዝራል። ድምፁ ከኮምፒዩተሩ ተነሥቶ ወደ ተሳታፊው ጆሮ የደረሰበት መንገድ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል፤ «ተሳታፊዎቹ ድምፁን በጆሮ ማዳመጫ ሰምተዋል» ይባላል። ጠንቃቃ የሆነው ጸሐፊ የማዳመጫውን ስምና ሞዴል ይጨምራል። ማዳመጫው የተሰካበትን ማጉያ፣ የማጉያውን የውጽአት ኢምፒዳንስና ለጆሮ የደረሰውን የድምፅ መጠን የሚጠቅስ ግን ከዚያም ያነሰ ነው።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አጭር ነው። ማዳመጫውና ማጉያው ሁለት ዕቃዎች ቢሆኑም በጥናት ውስጥ የሚያገለግሉት እንደ አንድ የመለኪያ መሣሪያ ነው፤ ስለሆነም ጥንዱ ያልተገለጸበት የማዳመጥ ጥናት ሌላ ተመራማሪ በትክክል ሊደግመው አይችልም። ሁለተኛው ነጥብ፣ ጥንዱን ለመምረጥም ሆነ ለመግለጽ የሚያስፈልገው የተካነ ጆሮ ወይም ውድ ዕቃ ሳይሆን፣ ጥቂት ቁጥሮችና የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ መሆኑ ነው። የሙዚቃ አፍቃሪዎች ስለ ማጉያና ማዳመጫ መስማማት ሲነጋገሩ አንዱን ጥንድ ሞቃት፣ ሌላውን ብሩህ፣ ሦስተኛውን ደረቅ ይሉታል። ለመዝናኛ ይህ የሚጎዳ ነገር የለውም፤ ለምርምር ግን ቅጽል የልኬትን ቦታ ሊይዝ አይችልም።

የመስማት ችሎታን የሚለኩ ባለሙያዎች ይህን ካወቁት ቆይተዋል። በኦዲዮሜትር የሚሠራ ክሊኒክ ማዳመጫውንና መሣሪያውን በአንድነት ካሊብሬት ያደርጋል፤ ማዳመጫው ሲቀየር፣ ተተኪው ተመሳሳይ ሞዴል ቢሆን እንኳ፣ ካሊብሬሽኑ እንደገና ይሠራል። አይሶ 389 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃም የማጣቀሻ ዋጋዎችን ሲያስቀምጥ እንደ ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 48 እና ቲዲኤች 39 ያሉትን ማዳመጫዎች ለይቶ ይጠቅሳል። በሕክምናው ዘርፍ ግዴታ የሆነው ጥንቃቄ በሥነ ድምፅ፣ በሙዚቃ ጥናትና በሥነ ልቦና የማዳመጥ ሙከራዎች እንደ ትርፍ ነገር የሚታይበት ምክንያት የለም።

ከማዳመጫው ሁለት፣ ከማጉያው ሁለት ቁጥሮች

ሶሊድ ስቴት የሚባለው ማጉያ በቫኪዩም ቲዩብ ፈንታ በትራንዚስተሮች ወይም በተቀናጁ ሰርኪዩቶች የሚሠራ ነው። ትራንዚስተር እ.ኤ.አ. በ1947 በቤል ቤተ ሙከራ ከተፈለሰፈ ወዲህ ቲዩቡን ከአብዛኛው የድምፅ መሣሪያ አስወጥቶታል። በደንብ የተነደፈ የዚህ ዓይነት ማጉያ ከሰው ጆሮ የመለየት አቅም በታች የሆነ መዛባት፣ ዝቅተኛ ጫጫታና ከ1 ኦም ያነሰ የውጽአት ኢምፒዳንስ ሊኖረው ይችላል። ኢምፒዳንስ ማለት አንድ አካል ለተለዋዋጭ የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚያሳየው ተቃውሞ ሲሆን በኦም ይለካል፤ ከተራው ሬዚስታንስ የሚለየውም ከድግግሞሽ ጋር ሊለዋወጥ መቻሉ ነው።

ጥንዱን ለማስላት ከማዳመጫው ሁለት ቁጥሮች ይፈለጋሉ። አንደኛው ኢምፒዳንሱ ነው። ሁለተኛው ትብነቱ፣ ማለትም 1 ሚሊዋት ሲሰጠው የሚያወጣው የድምፅ መጠን በዴሲቤል ነው። ከማጉያው የሚፈለጉት ደግሞ የውጽአት ኢምፒዳንሱና ሳይዛባ ሊያወጣው የሚችለው ከፍተኛ ቮልቴጅ ከነፍሰቱ ናቸው።

በስፋት የሚታወቁ ሦስት ማዳመጫዎችን በአምራቾቻቸው መረጃ መሠረት ማነጻጸር ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ሶኒ ኤምዲአር-7506 63 ኦም ኢምፒዳንስና 106 ዴሲቤል ትብነት አለው። ሴንሃይዘር ኤችዲ 600 300 ኦምና 97 ዴሲቤል ነው። ፕላነር ማግኔቲክ የሆነው ሃይፋይማን ኤችኢ-6 ደግሞ 50 ኦምና 83.5 ዴሲቤል ነው። እነዚህ ሦስቱ 110 ዴሲቤል የሚደርስ ከፍተኛ ድምፅ እንዲያወጡ ቢፈለግ፣ የመጀመሪያው 2.5 ሚሊዋት ያህል ይበቃዋል፤ ይህም 0.4 ቮልትና 6 ሚሊአምፔር ማለት ነው። ሁለተኛው 20 ሚሊዋት፣ ማለትም 2.5 ቮልት ያህልና 8 ሚሊአምፔር ይጠይቃል። ሦስተኛው ግን ወደ 450 ሚሊዋት የሚጠጋ ኃይል፣ 4.7 ቮልትና 95 ሚሊአምፔር ይፈልጋል። በመጀመሪያውና በሦስተኛው መካከል ያለው የኃይል ልዩነት ወደ 180 እጥፍ ይደርሳል።

ከዚህ ስሌት ሁለት ትምህርቶች ይገኛሉ። አንደኛው፣ «ኢምፒዳንሱ ከፍ ያለ ማዳመጫ ለማጉያ ይከብዳል» የሚለው የተለመደ አባባል ግማሽ እውነት መሆኑ ነው፤ 50 ኦም ያለው ማዳመጫ 300 ኦም ካለው ይልቅ ብዙ ቮልቴጅም ብዙ ፍሰትም ጠይቋል። ወሳኙ ትብነቱና ኢምፒዳንሱ በአንድነት ናቸው። ሁለተኛው ትምህርት የደኅንነት ጉዳይ ነው። ለኤችኢ-6 የተስተካከለውን 4.7 ቮልት ማጉያ ማንም ሳይነካው ማዳመጫው ብቻ ተነቅሎ ኤምዲአር-7506 ቢሰካበት፣ ስሌቱ ከ130 ዴሲቤል በላይ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ40 ሰዓት ላልበለጠ ማዳመጥ 80 ዴሲቤልን ወሰን አድርጎ ሲመክር፣ አንድ የተሳሳተ ጥንድ በአፍታ ውስጥ የፈቃደኛ ተሳታፊን ጆሮ ሊጎዳ ይችላል። የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ የስምምነት ቅጹን ቃላት አንድ በአንድ እየመረመረ ይህን ቁጥር አለመጠየቁ ሚዛን የሳተ አሠራር ነው።

የማይታየው ማጣሪያ

ኃይል ጥንዱ የሚጠይቀው የመጀመሪያው ነገር ቢሆንም ዋነኛው አይደለም። ንግግርን በ70 ዴሲቤል ለማሰማት ኤችዲ 600 የሚያስፈልገው 25 ሚሊቮልት ያህል ብቻ ነው፤ ኤምዲአር-7506 ደግሞ 4 ሚሊቮልት ይበቃዋል። ይህን ማንኛውም ላፕቶፕ ያወጣዋል። ለንግግር ጥናት ሲባል ብዙ ዋት የሚያወጣ ማጉያ መግዛት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንደሚባለው ነው።

ዋነኛው ጉዳይ የውጽአት ኢምፒዳንስ ነው። ማጉያውና ማዳመጫው በተከታታይ የተያያዙ ሁለት ተቃውሞዎች በመሆናቸው ቮልቴጁ እንደ ድርሻቸው ይከፋፈላል። የማዳመጫው ኢምፒዳንስ በሁሉም ድግግሞሾች እኩል ቢሆን ክፍፍሉ ድምፁን በጥቂቱ ከመቀነስ ሌላ ጉዳት አይኖረውም። ፕላነር ማግኔቲክ ማዳመጫዎች ወደዚህ ይቀርባሉ። ተንቀሳቃሽ ጥቅል ያላቸው ዳይናሚክ ማዳመጫዎች ግን በዝቅተኛ ድግግሞሽ የሚያስተጋቡበት ቦታ ስላላቸው ኢምፒዳንሳቸው እዚያ ላይ ከፍ ይላል። ኤችዲ 600 በስም 300 ኦም ይሁን እንጂ በ100 ኸርዝ አካባቢ ከ500 ኦም በላይ ይደርሳል።

ይህ ማዳመጫ የውጽአት ኢምፒዳንሱ 1 ኦም በሆነ ማጉያ ላይ ሲሰካ በ300 እና በ500 ኦም መካከል የሚፈጠረው ልዩነት ከዴሲቤል አንድ መቶኛ ብዙም የማይበልጥ ነው። ማጉያው 120 ኦም ቢሆን ግን ዝቅተኛው ድምፅ ከመካከለኛው አንጻር 1 ዴሲቤል ያህል ከፍ ብሎ ይሰማል። 120 ኦም የሚለው ቁጥርም ለምሳሌ ያህል የተፈጠረ አይደለም፤ የዓለም አቀፉ ኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው 61938 ቁጥር ደረጃ ለማዳመጫ መሰኪያ ያስቀመጠው ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ለገበያ እንደቀረበው ሴንሃይዘር ኤችዲ 414 ያሉ 2000 ኦም የሚደርሱ ማዳመጫዎች በነበሩበት ዘመን ይህ አሠራር ብዙም አይጎዳም ነበር። ስለሆነም «ሶሊድ ስቴት» የሚለው መጠሪያ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ከትራንዚስተሩ በኋላ በተከታታይ የተቀመጠ ተራ ሬዚስተር የማጉያውን መልካም ባሕርይ ሊያጠፋው ይችላል።

ችግሩ ይበልጥ የሚከፋው በጆሮ ውስጥ በሚገቡና በውስጣቸው በርካታ አስተላላፊዎችን በያዙ ማዳመጫዎች ላይ ነው። የእነዚህ ኢምፒዳንስ በኦም ሲለካ አነስተኛ ሆኖ ከድግግሞሽ ድግግሞሽ በእጅጉ ይለያያል። በዝቅተኛና በመካከለኛ ድግግሞሽ 40 ኦም የሆነ፣ በከፍተኛው ግን ወደ 8 ኦም የሚወርድ ማዳመጫ ይታሰብ። ማጉያው 1 ኦም ከሆነ ከፍተኛው ድግግሞሽ ከሌላው አንጻር የሚቀንሰው 0.8 ዴሲቤል ነው። ማጉያው 10 ኦም ከሆነ ግን ቅናሹ 5 ዴሲቤል ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ጥንዱ ማንም ያልነደፈው፣ ማንም ያልመዘገበው ማጣሪያ ይሆናል።

በዘርፉ የተለመደው ሕግ የማጉያው የውጽአት ኢምፒዳንስ ከማዳመጫው ከአንድ ስምንተኛ እንዳይበልጥ ይመክራል። የሕጉ መሠረት ቀላል ነው፤ ይህ ከተጠበቀና ስሌቱ በማዳመጫው ዝቅተኛ ኢምፒዳንስ ላይ ከተመሠረተ፣ ኢምፒዳንሱ በሌላ ድግግሞሽ የቱንም ያህል ቢጨምር የድምፁ ሚዛን ከ1 ዴሲቤል ብዙም አይዛባም።

ዋጋው ምንድን ነው?

ይህ ሁሉ ዝርዝር ስለምን ተመራማሪውን ሊያሳስበው ይገባል? መልሱን ለማግኘት አንድ የምርምር ዕቅድ መገመት ይበቃል። በአዲስ አበባ ያደጉ ወጣቶችና በዋሽንግተን አካባቢ ከአማርኛ ተናጋሪ ወላጆች ተወልደው ያደጉ ወጣቶች የአማርኛን ተነባቢዎች ምን ያህል እንደሚለዩ ይነጻጸራል እንበል። ከፈተናው ጥንዶች አንዱ «ሰ» እና «ሸ» ነው። የ«ሰ» ጉልበት በአብዛኛው ከ4000 ኸርዝ በላይ ሲያርፍ የ«ሸ» ግን ከዚያ ዝቅ ብሎ ይጀምራል። በአዲስ አበባው ቤተ ሙከራ ዳይናሚክ ማዳመጫ ዝቅተኛ የውጽአት ኢምፒዳንስ ባለው ማጉያ ላይ ተሰክቷል። በሌላው ቦታ የሚሠራው ረዳት ግን ለጉዞ የሚመቸውን በጆሮ የሚገባ ማዳመጫ ይዞ በተገኘው ላፕቶፕ ላይ ሰክቶታል። የሁለተኛው ቡድን ተሳታፊዎች «ሰ»ን የሚሰሙት ከአናባቢው አንጻር 5 ዴሲቤል ተቀንሶ ነው።

ውጤቱ ሲተነተን በውጭ ያደጉት ወጣቶች ይበልጥ ሲሳሳቱ ይገኛሉ። ስታቲስቲካዊ ፈተናው ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ አለመሆኑን ያረጋግጣል፤ በእርግጥም በአጋጣሚ አልመጣም። ድምዳሜው ግን «የቅርስ ቋንቋ ተናጋሪዎች የተነባቢ ልዩነቶችን እያጡ ነው» የሚል ሊሆን ይችላል። የአንድ ሬዚስተር ሥራ የአንድ ማኅበረሰብ የቋንቋ ዕጣ ተደርጎ ይጻፋል። በሥራው ማንም አላታለለም፤ ሆኖም ገምጋሚው ስሕተቱን የሚያገኝበት መረጃ በጽሑፉ ውስጥ የለም።

ተመሳሳይ አደጋ በድምፅ ቅርስ ጥበቃም አለ። የቆዩ የበገና ቅጂዎችን ከቴፕ ወደ ዲጂታል የሚያዛውር ባለሙያ የዝቅተኛ አውታሮቹን ሚዛን በማዳመጥ ይፈርዳል። በ120 ኦም ውጽአት ላይ የተሰካው ማዳመጫው ዝቅተኛውን ድምፅ አግዝፎ ካሰማው፣ እርሱ ይቀንሰዋል። የቀነሰው ግን የራሱን ጥንድ ጉድለት ሳይሆን የበገናውን ድምፅ ነው፤ ያልታረመው ዝውውር ጎን ለጎን ካልተቀመጠም ለተከታዩ ትውልድ የሚደርሰው ይኸው የተቀነሰው ይሆናል።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከልምድ ይነሣል። ብዙ አድማጮች በሁለት ማጉያዎች መካከል ግልጽ ልዩነት መስማታቸውን ይናገራሉ፤ ስለዚህ ምርጫው ለጆሮ ይተው ይባላል። የአድማጮቹ ቅንነት አያጠራጥርም። ነገር ግን ጥቂት ከፍ ብሎ የተሰማ ድምፅ የተሻለ መስሎ ይሰማል፤ የሁለቱ ማጉያዎች መጠን በቮልት መለኪያ ካልተስተካከለ ንጽጽሩ የመጠን እንጂ የጥራት አይሆንም። ዴቪድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1982 በኦዲዮ ኢንጂነሪንግ ማኅበር መጽሔት የገለጸው የኤቢኤክስ ዘዴ ለዚህ ይጠቅማል፤ አድማጩ የትኛው መሣሪያ እንደሚሰማ ሳያውቅ ሦስተኛው ድምፅ ከሁለቱ ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም ይጠየቃል። መጠኑ የተስተካከለ፣ የውጽአት ኢምፒዳንሱ ዝቅተኛ የሆነና ከአቅሙ በላይ ያልተጠየቀ ማጉያ ከሌላ መሰሉ የሚለይ መሆኑን የሚናገር ሰው ማስረጃውን በዚህ መንገድ ሊያቀርብ ይገባዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ክብደት አለው። ማዳመጫው በጆሮ ላይ የሚያርፍበት ሁኔታ ከማጉያው የበለጠ ልዩነት ያመጣል፤ ወፍራም ሹሩባ፣ ሻሽ ወይም መነጽር የማዳመጫውን ትራስ ከቆዳው ካራቀው ዝቅተኛው ድምፅ በብዙ ዴሲቤል ሊጠፋ ይችላል። ታዲያ ስለ 1 ዴሲቤል መጨነቅ ምን ይጠቅማል? ይህ እውነት ነው፤ የአቀማመጡ ጉዳይም ራሱን ችሎ ሊመዘገብ ይገባል። ነገር ግን ሁለቱ ስሕተቶች በባሕርያቸው ይለያያሉ። የአቀማመጥ ልዩነት በአብዛኛው ከተሳታፊ ተሳታፊ የሚለዋወጥ በመሆኑ የናሙናው ብዛት ሊያለዝበው ይችላል። የጥንዱ ስሕተት ግን በአንድ ቦታ የተፈተኑትን ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ይገፋል፤ የተሳታፊው ቁጥር ሲጨምር ስሕተቱ ይበልጥ እርግጠኛ እየመሰለ ይሄዳል እንጂ አይጠፋም።

ሦስተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። የተማሪ የምርምር በጀት ለመለኪያ መሣሪያ አይበቃም ይባላል። እዚህ ላይ ማስረጃው ለተማሪው ያደላል። ጄሮን ብሬባርት እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ አኩስቲክ ማኅበር መጽሔት ባሳተመው ጥናት 283 ማዳመጫዎችን ለክቶ በዋጋቸውና በድግግሞሽ ምላሻቸው መካከል ዝምድና አላገኘም። በማጉያውም በኩል ኦ2 የተባለው የሶሊድ ስቴት ማጉያ ንድፍ እ.ኤ.አ. በ2011 ከነሙሉ ልኬቶቹ ለሕዝብ ታትሟል፤ የተሠራውም በቀላሉ ከሚገኙ ተራ ክፍሎች ነው።

የውጽአት ኢምፒዳንስን ለመለካት ደግሞ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ቴስተር የሚሉት መልቲሜትርና አንድ ሬዚስተር ይበቃሉ። ተማሪው በኮምፒዩተሩ 100 ኸርዝ ቃና ያጫውታል፤ በመሰኪያው ላይ ምንም ሳይጫን ያለውን ቮልቴጅ ይመዘግባል፤ ከዚያም 33 ኦም ሬዚስተር ጭኖ እንደገና ይለካል። ባዶው 0.500 ቮልት፣ የተጫነው 0.485 ቮልት ከሆነ፣ ልዩነቱ ለተጫነው ቮልቴጅ ተካፍሎ በ33 ሲባዛ 1 ኦም ያህል ይሰጣል። ማዳመጫው ተሰክቶ የዚያው ቃና ቮልቴጅ ከተለካና የሙከራው ድምፅ በፋይሉ ውስጥ ከቃናው በስንት ዴሲቤል እንደሚያንስ ከታወቀ፣ በማዳመጫው ትብነት አማካይነት ለጆሮ የደረሰውን መጠን በግምት ማስላት ይቻላል። የሰው ሠራሽ ጆሮ መለኪያ ያለው ቤተ ሙከራ ከዚህ የበለጠ ትክክለኛ ቁጥር ያገኛል፤ የሌለውም ቢሆን ዝም ለማለት ምክንያት የለውም።

ማጠቃለያ

ከዚህ በመነሣት በማዳመጥ ላይ የሚመሠረት ማንኛውም የመመረቂያ ጽሑፍ በአጠናን ዘዴው ሥር አምስት ነገሮችን ሊያካትት ይገባል፤ የማዳመጫውን ሞዴልና ኢምፒዳንስ፣ የማጉያውን ወይም የኮምፒዩተሩን ማንነት፣ የተለካውን የውጽአት ኢምፒዳንስ፣ በመሰኪያው ላይ የተለካውን ቮልቴጅ፣ ከዚያም የተሰላውን የድምፅ መጠን። ከአንድ በላይ የመሰብሰቢያ ቦታ ያለው ጥናት በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ጥንድ ይጠቀም፤ ይህ ካልተቻለ ልኬቱ ለየቦታው ይሰጥ። አማካሪዎች ይህን አንቀጽ ጽሑፉ ከመከላከያ በፊት፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴዎችም መረጃ መሰብሰብ ከመጀመሩ በፊት ሊጠይቁት ይገባል።

ለአንድ ቤተ ሙከራ ዕቃ መግዛት ግድ ሲሆን ደግሞ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። መጀመሪያ ለሥራው የሚስማማና የድግግሞሽ ምላሹ የታወቀ ማዳመጫ ይመረጥ፤ ቀጥሎ መልቲሜትር ይገኝ፤ ማጉያ የሚገዛው ልኬቱ የላፕቶፑን መሰኪያ ብቁ አለመሆን ካሳየ ብቻ ይሁን። እንዲህ ያለው አንቀጽ በጽሑፉ ውስጥ የሚይዘው ቦታ ከአራት መስመር አይበልጥም። አራቱ መስመሮች በጎደሉ ጊዜ ግን አንባቢው የተሳታፊውን ጆሮ ከተሰካበት መሰኪያ ለይቶ የሚያይበት መንገድ አይኖረውም።